ክህሎቱ ከማን ይቀዳ? የዮሐንስ ካሣሁን የቀዶ ሕክምና ሮቦት ጥናቶች ሲመረመሩ

እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ በኢንተርኔት፣ በኤፕሪል 2016 ደግሞ በኅትመት፣ በኮምፒውተር ለሚታገዝ ራዲዮሎጂና ቀዶ ሕክምና በተቋቋመ ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ አንድ ሰፊ የዳሰሳ ጥናት ወጥቶ ነበር። ጥናቱ የሚመረምረው ማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ማሽን ከተሰጠው መረጃ ራሱ ደንብ እንዲያወጣ የሚያደርገው ዘዴ፣ በቀዶ ሕክምና ሮቦቶች ላይ ያለውን ሚና ነው። ከርእሱ ሥር ከተዘረዘሩት ሰባት ጸሐፊዎች የመጀመሪያው ዮሐንስ ካሣሁን፣ ሦስተኛው አብርሃም ተመስገን ጥበቡ ናቸው፤ ስሞቹ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደሉም። ከስሞቹ ይልቅ ግን የሚያስገርመው የጥናቱ መዝጊያ ነው። ዛሬ በቀዶ ሕክምና ክፍል የሚሠሩት ሮቦቶች አንዳች የማሰብ ችሎታ የሌላቸው፣ የረቀቁና ውድ መሣሪያዎች ብቻ እንደሆኑ ጸሐፊዎቹ በግልጽ ይፈርዳሉ። ከሮቦት እንጀራ የሚበሉ መሐንዲሶች ይህን በራሳቸው ሙያ መጽሔት ላይ መጻፋቸው ሊከበርላቸው ይገባል።

ፍርዱ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ለላፓራስኮፒ ቀዶ ሕክምና የተፈቀደው ዳ ቪንቺ የተባለው ሮቦት ቀዶ ሐኪሙ እጁን ካላንቀሳቀሰ አይንቀሳቀስም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2001 ፈረንሳዊው ዣክ ማረስኮ ኒው ዮርክ ተቀምጠው በስትራስቡርግ ከተማ የተኛች ታካሚን ሐሞት ከረጢት ሲያወጡም፣ አትላንቲክ ውቅያኖስን የተሻገረው የሐኪሙ እጅ እንጂ የማሽኑ ብልሃት አልነበረም። ነገር ግን «ሮቦት ቀዶ ሕክምና አደረገ» የሚለው አነጋገር በዜናም በማስታወቂያም ሥር ሰድዷል። በእኛም አገር ብዙ የጤና ባለሙያ ጉዳዩን የሚያውቀው በዚሁ መልክ ነው።

ዋናው ጸሐፊ ወደ ቀዶ ሕክምና የመጡት በሕክምና በር አይደለም። በጀርመን አገር በኪል ዩኒቨርሲቲ ከጄራልድ ዞመር ጋር በነበሩበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ሥራ በትንሽ ኒውራል ኔትወርክ ጀምሮ እንደ ሥራው ክብደት እያሳደገ የሚሄድ፣ ከዝግመተ ለውጥ የተቀዳ ስልት ነበር። በ2006 የዶክትሬት ድርሳናቸውን እዚያው አቅርበው ወደ ብሬመን ተሻገሩና ከፍራንክ ኪርሽነር የሮቦቲክስ ቡድን ጋር ሠሩ። በ2008 ከባልደረቦቻቸው ጋር ስልቱን ካልማን ፊልተር ከሚባለው የግምት ቀመር ጋር አጣመሩት። መፈተኛውም በጋሪ ላይ የቆሙ ዘንጎች እንዳይወድቁ መጠበቅ ነው፤ ማሽኑ የዘንጎቹን አቋም ያያል፣ ፍጥነታቸውን ግን ማንም አይነግረውም፣ ራሱ መገመት አለበት። ለሐኪም ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም በደም ሥር ውስጥ ካቴተር የሚገፋ ሰውም ያለበት ችግር ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የካቴተሩን ጫፍ በምስል ያያል እንጂ ጫፉ የደም ሥሩን ግድግዳ ምን ያህል እንደተጫነ አያይም። ስለዚህም ተመራማሪው የአውሮፓ ኅብረት በደገፈውና የቤልጅየሙ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ በተሳተፈበት፣ ካስኬድ በተባለው የካቴተር ሮቦት ፕሮጀክት ውስጥ መገኘታቸው የሙያ መንገድ መቀየር ሳይሆን ያንኑ ጥያቄ ይዞ ወደ ሰው አካል መግባት ነበር።

ወደ ዳሰሳው ስንመለስ፣ ጸሐፊዎቹ በምስል ምርመራና በበሽታ መለየት ላይ ያለውን ሰፊ ሥራ ሆን ብለው ወደ ጎን ትተው ቀዶ ሕክምናን፣ ሮቦቱን፣ የሠልጣኞችን ትምህርትና ምዘና ብቻ ይዘዋል። ይህ መልካም ምርጫ ነው፤ ዘርፉ በምስል ጥናቶች ብዛት ሳይዋጥ ራሱን ችሎ እንዲታይ አድርጎታል። ዋናው ተስፋቸውም ይህ ነው፦ ሮቦቱ አንጋፋ ቀዶ ሐኪሞች ሲሠሩ ዐይቶ ክህሎታቸውን ይቀዳል፤ የቀዳውንም መልሶ ይሠራበታል፤ የቀዶ ሕክምናውን ቡድን የአእምሮ ድካም ያቀልላል።

ትችት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። «አንጋፋ» የሚባለው ማን ነው? ስንት ሰው ነው? የት፣ በምን ላይ ሲሠራ ነው የታየው? በዘርፉ በስፋት ከሚጠቀሱት የመረጃ ስብስቦች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የወጣው፣ የ8 ቀዶ ሐኪሞችን የእጅ እንቅስቃሴ ይዟል፤ ሥራዎቹም ስፌት፣ ቋጠሮና መርፌ ማሳለፍ ሲሆኑ ሁሉም የተሠሩት በጠረጴዛ ላይ በተዘጋጀ መለማመጃ ነው። ደም የለም፣ የሚተነፍስ ሆድ የለም፣ መብራት አይጠፋም። የዳሰሳው ማጠቃለያ ክህሎትን ከሰው ወደ ማሽን ስለ ማሸጋገር ሲናገር ክህሎት የእጅ ጎዳና ብቻ እንደሆነ ያህል ነው። በአገራችን ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ለማዋለድ የሠለጠኑ ጤና መኮንኖች ከዋና ከተማ ርቀው ይሠራሉ። ማሕፀኗ የተተረተረ እናት ስትመጣላቸው ከሁሉ በፊት የሚወስኑት ስለ መርፌው አቅጣጫ አይደለም፤ ያለው ደም ይበቃ እንደሆነ፣ ማሕፀኑ ይሰፋ ወይስ ይውጣ፣ ሪፈር ትባል ቢሆን መንገዱን ትዘልቀው እንደሆነ ነው። ይህ ውሳኔ በእጅ ላይ በሚታሰር መሣሪያ አይለካም። እነዚህ ባለሙያዎችም ከተጠቀሱት 8 እጆች ውስጥ የሉም።

ከዳሰሳው በኋላ ያሉት ዐሥር ዓመታት ተስፋውን በከፊል አጽድቀውለታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሕይወት ባለ አሳማ ላይ፣ በሰው ቁጥጥር ሥር፣ አንጀት በሮቦት ተሰፋ፤ በ2022 ይኸው ሥራ በላፓራስኮፒ ተደገመ። በ2019 የቦስተን ተመራማሪዎች በአሳማ ልብ ውስጥ መንገዱን ራሱ ፈልጎ የሚሄድ ካቴተር አሳዩ። በ2025 ደግሞ ከጆንስ ሆፕኪንስ የወጣ ጥናት፣ ሰዎች ሲሠሩ ዐይቶ የተማረ ሮቦት ከአሳማ የወጡ 8 ሐሞት ከረጢቶችን የማላቀቅ ዋና ደረጃዎች እንደፈጸመ ገለጸ። ዳሰሳው በ2015 የጠቆመው፣ ዐይቶ የመማር መንገድ፣ በእርግጥ የሚያስኬድ መንገድ መሆኑን ይህ ያሳያል። ነገር ግን እነዚያ ስምንቱ ከአካል የተለዩ፣ የማይደሙ አካላት ነበሩ። ሐሞት ከረጢት ያወጣ ቀዶ ሐኪም ሁሉ ልዩነቱን ያውቀዋል።

የካቴተሩ ምርምር ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። አብርሃም ተመስገን ጥበቡና ባልደረቦቻቸው በ2014 ባቀረቡት አጭር ጽሑፍ ካቴተሩ እየሞከረና እየተሳሳተ በራሱ መንገድ እንዲማር የማድረግ ሐሳብ ቀርቧል። የፕሮጀክቱ ዒላማ በዋናነት በአኦርታ በኩል ገብቶ ቫልቭ መተካት ነበር። ካቴተሩ የአኦርታን ግድግዳ ሲፍቅ ከተጠራቀመው ካልሲየም ፍርፋሪ ተነሥቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ስለሚችል ንክኪን መቀነስ ትልቅ ጉዳይ ነው። ይህ ግን በዕድሜ ብዛት ቫልቩ የደደረበት አዛውንት ሕመም ነው። በኢትዮጵያ ሐኪሞች ዘወትር የሚያዩት የቫልቭ በሽታ ከሩማቲክ ትኩሳት የሚከተለው፣ ይበልጡን ማይትራል ቫልቭን የሚያጠቃውና ልጆችንና ወጣቶችን የሚይዘው ነው። በአውሮፓውያን አዛውንት አኦርታ የሠለጠነ ካቴተር ለእነዚህ ታካሚዎች የሚያውቀው ነገር ጥቂት ነው። ይህ የተመራማሪዎቹ ጥፋት አይደለም፤ ገንዘቡ የመጣው ከዚያ፣ በሽተኛውም ያለው እዚያ ነው። ነገር ግን ማሽኑ ምን እንደሚችል ሲነገር፣ የማንን አካል እንደሚያውቅም አብሮ መነገር ነበረበት።

በአዲስ አበባ ጎተራ የሚባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻው ነው። የመረጃ ማከማቻም ከእህል ጎተራ አይለይም፤ ጤፍ ካልገባበት ጤፍ አይወጣም። ስለዚህ በዚያው አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ የተቀመጠ ጤና መኮንን የእነዚህን ጥናቶች ዜና ሲሰማ «ለእኔ ምን አለበት?» ብሎ ቢጠይቅ ያስኬደዋል። መልሱ የሚገኘው፣ ሳይጠበቅ፣ ከሮቦቱ ዳሰሳ ሳይሆን የዚሁ ተመራማሪ ስም በመጀመሪያ ከሰፈረበት፣ ብዙም ካልተወራለት ሌላ ጽሑፍ ነው።

ይህ ጽሑፍ ከጣሊያን ሐኪሞችና መሐንዲሶች ጋር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሲሆን፣ በመድኃኒት አልመለስ ያለ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ይመለከታል። ከቀዶ ሕክምና በፊት ሕመሙ ከየትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚነሣ መታወቅ አለበት። ተመራማሪዎቹ ማሽኑ በሚጥልበት ጊዜ የሚታዩትን ምልክቶች ብቻ ይዞ፣ መነሻው ቴምፖራል ሎብ ነው ወይስ ከዚያ ውጭ የሚለውን እንዲለይ አደረጉ። ሁለት ዘዴዎች ተሞከሩ፤ አንደኛው የባለሙያዎችን ዕውቀት በቀጥታ መዝግቦ የሚጠቀም፣ ሁለተኛው ከመረጃው ራሱ ደንብ የሚያወጣ ነው። መረጃው የ129 ታካሚዎች ሲሆን ለንጽጽር 7 ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ቀርበዋል።

ከ129ኙ በ99ኙ ላይ፣ ከሰባቱ አንዱ ሐኪም ብቻ ከማሽኑ ጋር ተወዳደረ። በመጀመሪያው የፈተና ቡድን ዘዴዎቹ 65.6 እና 75 በመቶ፣ ሐኪሙ 56.3 በመቶ አገኙ፤ በሁለተኛው 66.7 እና 76.2 በመቶ፣ ሐኪሙ 61.9 በመቶ፤ በሦስተኛው ሁሉም 77.8 በመቶ። አሸናፊው ማሽኑ ይመስላል። ነገር ግን መቶኛዎቹ ራሳቸው እንደሚያሳብቁት ቡድኖቹ ትናንሽ ናቸው፤ 56.3፣ 65.6 እና 75 በመቶ ከ32 ሰው 18፣ 21 እና 24 ከማለት ጋር ይገጥማሉ። እንዲያ ከሆነ በመጀመሪያው ዘዴና በሐኪሙ መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ታካሚ ነው። ሐኪሞቹ ራሳቸው በመረጧቸው በቀሪዎቹ 30 ታካሚዎች ላይ ሰባቱም ሲፈተኑ ደግሞ አማካዩ ለዘዴዎቹ 60፣ ለሐኪሞቹ 61.6 በመቶ ሆነ፤ ይህም የግማሽ ታካሚ ልዩነት ነው።

ጸሐፊዎቹ ሁለቱም ወገኖች እኩል መረጃ ከያዙ ማሽኑ ከልምድ ባለቤቶች ጋር ይስተካከላል ብለው ይደመድማሉ። ቃሉ ልክ ነው፤ ክብደቱ ግን ያለው «እኩል መረጃ ከያዙ» በሚለው ላይ ነው። ሐኪሙ ኢ.ኢ.ጂ.ውን፣ ኤም.አር.አይ.ውን፣ የታካሚውን ታሪክ ተነጥቆ ምልክት ብቻ ተሰጥቶታል። ከሁለት አንዱን በሚያስመርጥ ጥያቄ ሳንቲም ቢወረወር ግማሹ ሊገኝ ይችላል፤ 60 በመቶ ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም። ስለዚህ ጥናቱ ማሽኑ የሐኪም ያህል ማወቁን ከማሳየቱ ይልቅ ምልክት ብቻውን ምን ያህል ደካማ ምስክር መሆኑን ያሳያል። ይህ ዋጋ ያለው ግኝት ነው፤ ጸሐፊዎቹ ግን በግልጽ አላጎሉትም።

ለሚላን ሐኪም ይህ ሰው ሠራሽ እጦት ነው። የጎተራው ጤና መኮንን ግን በየቀኑ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ኢ.ኢ.ጂ. በጁ የለም፣ ያለው የሚጥለው ሰው ታሪክ ነው፤ እሱንም የሚነግረው ሕመምተኛው ሳይሆን ያየው ሰው ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው በ1990 ባሳተሙት ጥናት በሽታው ከ1000 ሰው በ5.2 ላይ መገኘቱን ገልጸዋል። እንግዲህ ታሪክ ነጋሪዎቹ ብዙ ናቸው። እርግጥ የጣሊያኑ ጥናት ለቀዶ ሕክምና በተመረጡ ታካሚዎች ላይ የተሠራ ስለሆነ አሐዙ እንዳለ ወደ ጤና ጣቢያ አይገለበጥም።

የሚተላለፈው ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ዘዴ ምልክቶችን በስማቸው የሚያውቅ የተደራጀ የቃላት መዝገብ ይፈልጋል። እናት ልጇን ይዛ ስትመጣ «ወደቀ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ዓይኑ ተገለበጠ» ትላለች። ከመውደቁ በፊት ከንፈሩን እየመጠመጠ ፈዝዞ መቆየቱን፣ ልብሱን ይነካካ እንደነበር፣ ራሱ ወደ አንድ ጎን መዞሩን ካልተጠየቀች አትናገርም፤ ለነርቭ ሐኪም ግን ትልቁ ፍንጭ ያለው በዚያ ነው። እንዲህ ያለው መዝገብ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎችም ቋንቋዎች፣ ሰው በቤቱ በሚናገራቸው ቃላት ቢዘጋጅ፣ ለማዘጋጀት ሮቦት አይጠይቅም፤ ነርሷና ጤና መኮንኑ ከታካሚ ቤተሰብ የሰሙትን ሳያርሙ ቢጽፉት፣ ቤተሰቡም ሕመሙ ሲነሣ በእጅ ስልክ ቀርጾ ያመጣውን ቪዲዮ በፈቃዱ ከካርዱ ጋር ቢያያይዙት ሥራው ይጀመራል።