በሽፋኑ የተመረጠ ዩኒቨርሲቲ

ለቅሶ ለመድረስ ራቤል ሄጄ ነበር። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አንድ የሥጋ ዘመዴ ልጁን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ልጁ የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፏል። ማለፍ ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ተፈታኝ አራት እንኳ አልሞሉም።

«ወንድምዓለም፣ አንተ ያስተማርክ ሰው ነህ። ለኢንጂነርነት የቱን እናስቀድም?» አለኝ አባት። ልጁ ስልኩ ላይ ደርድሯቸዋል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ስም ብቻ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር መጽሐፉን ሳያነቡ ሽፋኑን አይተው ሂስ የሚጽፉልኝ ተማሪዎች ነበሩ። ዜሮ እሰጣቸው ነበር። ታዲያ እኛ ወላጆችና ዘመዶች ዩኒቨርሲቲ ስንመርጥ የምናደርገው ይህንኑ አይደለም ወይ?

ስም ዋጋ የለውም አልልም። አምስት ኪሎም ሆነ በሶቪየት እርዳታ የቆመው የባሕር ዳር ፖሊ ስማቸውን ያተረፉት ባፈሯቸው ሰዎች ነው። ቀጣሪም የማመልከቻ ክምር ሲያበጥር ስም ያያል። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ መግባትና የፈለጉት ትምህርት ክፍል መግባት ሁለት የተለያዩ በሮች ናቸው። ሲቪል ይሁን ኤሌክትሪካል፣ ልጁ የሚመደበው ከገባ በኋላ በውጤቱ ተወዳድሮ ነው። ጎበዝ በተሰበሰበበት ግቢ ደግሞ ወንበሩ ይጠባል።

ይህን የተማርኩት በሰው ልጅ ዕድሜ ነው። ከዓመታት በፊት የእህቴን ልጅ «ስም ያለውን አስቀድም» ብዬ መከርኩት። ሰማኝ። ኤሌክትሪካል ሲመኝ ያላሰበው ክፍል ደረሰው፤ አምስት ዓመት ተማረ፤ ተመረቀ። ዛሬ የዘመድ ሱቅ ይሸጣል። አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ እኔን የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።

ችግሩ የእሱ ብቻ አልነበረም። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ መንግሥት ከመቶ 70ውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲመራ ኢንጂነሩ በዛ፤ ፋብሪካው ግን በዚያው ልክ አልተተከለም። ዲግሪ ይዘው ኮብልስቶን የጠረቡትን እናስታውሳለን። «ኢንጂነር» የሚለው ማዕረግ ብቻውን እንጀራ አይሆንም።

ስለዚህ ለዘመዴ ስም አልነገርኩትም፤ ጥያቄ ሰጠሁት። ልጁ የሚፈልገው ክፍል ስንት ተማሪ ይቀበላል? ወርክሾፑ ውስጥ ያለው ማሽን ይሠራል ወይስ አቧራ ለብሷል? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና ከዚያ ክፍል ስንቱ ያልፋል? ለልምምድ የሚወጡት የት ነው? ለምሳሌ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተ ልጅ ነው፤ ከተማዋ ግን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት፣ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት ናት። ለሜካኒካል ተማሪ ይህ ቀላል ነገር ነው?

አባት ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «እኔስ የፈራሁት መንገዱን ነው» አለ። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች ነገር ከልቡ አልወጣም። በግ ሸጦ ያስተማረውን ልጅ በሰላም መልሶ ማየት ይፈልጋል። ይህን ፍርሃት ኋላ ቀርነት የሚል ካለ እሱ ልጅ አልላከም።

በመጨረሻ ልጁ ቀና አለና፣ «ጋሼ፣ ያሉትን ሁሉ ማንን ልጠይቅ?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ምርቃት በመጣ ቁጥር ስንት ሺህ እንዳስመረቁ ያበሥሩናል። ከእነዚያ ውስጥ በዓመቱ ስንቱ በሙያው እንደተቀጠረ በየትምህርት ክፍሉ ለይተው ለምን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ አይለጥፉልንም? እስከዚያው ድረስ ለልጁ ያገኘሁለት መላ አንድ ነው፤ በየግቢው ያሉ የአገሩን ልጆች ስልክ አሰባስቤ ሰጠሁት። ምርጫውን ከመላኩ በፊት እንዲደውል አስምየዋለሁ።