ለቤት ኮምፒውተር የትኛው አንቲቫይረስ?

ደባርቅና ዳባት ላይ ለቤት ኮምፒውተር አንቲቫይረስ ሲመረጥ መታወቅ ያለበት ቫይረሱ በየት በኩል እንደሚገባ ነው። ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባሉት በእነዚህ ከተሞች ዋናው መግቢያ ፍላሽ ነው። የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ መምህሩ ፈተናውን፣ የስሜን ተራሮች አስጎብኚው የእንግዶቹን ፎቶ በፍላሽ ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ይገባል። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ቀኑን ሙሉ የስንቱ ፍላሽ ሲሰካበት የዋለ ነው።

በብዛት የሚያጋጥመው ፎልደሮችን ደብቆ በስማቸው ሾርትከት የሚያስቀምጥ ቫይረስ ነው። በፎልደሩ ምስል ጥግ ትንሽ ቀስት ትታያለች፤ መጠኑም ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ይሆናል። ሾርትከቱን የከፈተ ሰው ቫይረሱን በገዛ እጁ ያስነሳዋል። ፋይሉ ግን ብዙውን ጊዜ ተደብቆ ነው እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ ደንግጦ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ የዓመት ልፋትን መጣል ነው። መጀመሪያ ፍላሹ ይፈተሽ፣ ቫይረሱ ይጽዳ፣ ከዚያ የተደበቀው እንዲታይ ይደረግ።

ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። ተጨማሪ ክፍያ አይጠይቅም፤ አልወጣ ላለው ቫይረስም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚፈትሽበት ኦፍላይን ስካን አለው። ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር ቦታውን ይለቃል። ተተኪው ፈቃዱ የተገዛና ዘወትር የሚታደስ ከሆነ ክፋት የለውም። ክራክ የተደረገው ግን ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ክራኩን ለማስገባት አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ መከላከያውን አጥፉ ይባላል፤ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፋይል ጥበቃ በሌለበት ሰዓት ይገባል። በቫይረስ ፍራቻ ቫይረስ የሚጫነው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ኢንተርኔት ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ በዚያ ብቻ የሚታደስ አንቲቫይረስ ሁሉ፣ የተገዛውም የነጻውም፣ ባለበት ቆሟል። የዲፌንደርን ማደሻ ፋይል መስመር ካለበት ቦታ ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዶ፣ በንጹሕ ፍላሽ ወስዶ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ማስነሳት ይቻላል። ይህን የሚያውቅ ተጠቃሚ ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል።

አንቲቫይረስ የማይሸፍነውም አለ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለዲፌንደር የቫይረስ መለያ ማደሻ አሁንም ይመጣለታል፤ በራሱ በዊንዶውስ ላይ የሚገኘውን ቀዳዳ ግን የትኛውም አንቲቫይረስ አይደፍንም። ኮምፒውተሩ የሚችል ከሆነ ወደ ዊንዶውስ 11 ማሻገር ይቀድማል።

ለአንቲቫይረስ የሚከፍለው ገንዘብ ያለው ቤተሰብ በቅድሚያ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይግዛበት። ቅጂው ከተወሰደ በኋላም ሃርድ ዲስኩ ተነቅሎ ይቀመጥ፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ እንደተሰካ ያገኘውን ዲስክ ሁሉ አብሮ ይቆልፋልና።