ለማፊያው አለቃ ስም ሲወጣ

«ማፊያ» የተባለውን የቪዲዮ ጌም እ.ኤ.አ. በ2002 ለገበያ ያቀረቡት ሰዎች ጣሊያኖችም አሜሪካውያንም አልነበሩም። የሠራው ቼክ አገር ብርኖ ከተማ የነበረው ኢሉዥን ሶፍትወርክስ ነው። ደራሲና ዳይሬክተሩ ዳንኤል ቫቭራ ሎስት ሄቨን በምትባል ምናባዊ የአሜሪካ ከተማ፣ በ1930ዎቹ ለሚንቀሳቀሱ ወሮበሎች ስም ማውጣት ነበረበት። ታክሲ ነጂው ቶሚ አንጄሎ፣ ባልደረቦቹ ፖሊና ሳም፣ አማካሪው ፍራንክ፣ አለቃቸው ዶን ሳሊየሪ፣ ባላንጣቸው ማርኩ ሞሬሎ ተባሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሁለቱን አለቆች ስም ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው የዚህን ሙያ ፈተና ይረዳል። ሞሬሎ የእውነተኛ ወንጀለኛ ስም ነው፤ በ1867 ኮርሌዮኔ የተወለደው ጁዜፔ ሞሬሎ ኒው ዮርክ ውስጥ ከተነሡት የመጀመሪያዎቹ የማፊያ አለቆች አንዱ ነበር። «ማርኮ» መባሉ ቀርቶ በሲሲሊ አነጋገር «ማርኩ» መባሉም የሰውየውን አገር ይናገራል። ሳሊየሪ ግን ከወዲያኛው ጫፍ የመጣ ስም ነው። በዚህ ስም ዓለም የሚያውቀው ሙዚቀኛው አንቶኒዮ ሳሊየሪ በ1750 የተወለደው በሰሜን ጣሊያን፣ ቬሮና አጠገብ ባለችው ሌኛጎ ነው። ስሙ ያምራል፣ ለአለቃ የሚመጥን ግርማም አለው፤ የሲሲሊን ስሞች ለሚያውቅ ሰው ግን ባለቤቱ የሌላ ሰፈር ሰው ነው።

ብዙ ጀማሪ ጸሐፊዎች የጣሊያን ስም ማለት በአናባቢ የሚያልቅ ስም ማለት ይመስላቸዋል። በአባት ስም ለሚጠራራው ኢትዮጵያዊ ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚሸከመውን ነገር መዘንጋት ቀላል ነው። ጣሊያን ውስጥ ግን የቤተሰብ ስም አገር ይናገራል። ሮሲና ሩሶ ሁለቱም ከቀይ ቀለም የወጡ ናቸው፤ ነገር ግን ሮሲ በመካከለኛውና በሰሜኑ፣ ሩሶ በደቡቡ ይበዛል። በቬኔቶ ትሬቪዛን፣ በሰርዲኒያ ፒራስ የሚባሉ ቤተሰቦች አሉ፤ አናባቢው የታለ? ኤስፖሲቶ የኔፕልስ ስም ነው፤ ወላጆቻቸው ጥለዋቸው በበጎ አድራጎት ቤት ላደጉ ሕፃናት ይሰጥ የነበረ ነው። ጄኖቬዜ ማለት የጄኖቫ ሰው ማለት ሲሆን፣ የኒው ዮርኩ አለቃ ቪቶ ጄኖቬዜ የተወለደው ግን ኔፕልስ አጠገብ ነው። እንዲህ ያለው ስም የሚወጣው ለመጤ ነውና፣ ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ከሰሜን ሳይመጣ አልቀረም።

የ«ማፊያ» ተከታታይ ጌሞች ሠሪዎች ይህን እየቆዩ የተማሩት ይመስላል። በ2010 የወጣው የሁለተኛው ክፍል ዋና ገጸ ባሕርይ ቪቶ ስካሌታ ይባላል፤ በመሲና አውራጃ ስካሌታ ዛንክሌያ የምትባል ከተማ አለች። በ2025 የወጣው «ዘ ኦልድ ካንትሪ» ደግሞ ታሪኩን ወደ ሲሲሊ ራሷ፣ ወደ 1900ዎቹ መጀመሪያ መልሶ፣ ገና በልጅነቱ ለድኝ ማዕድን ጉድጓድ የተሸጠ ወጣት ያመጣል፤ ስሙ ኤንዞ ፋቫራ ነው። ፋቫራ በአግሪጄንቶ አውራጃ ያለች፣ ድኝ ይወጣባት የነበረች እውነተኛ ከተማ ናት። ተጫዋቹ ይህን ባያውቅም ስሙ ከታሪኩ ጋር ሳይጋጭ ይሄዳል፤ የሚያውቀው ደግሞ ጸሐፊው እንደለፋ ያያል። በተከታታዩ ካሉት ስሞች ሁሉ የተዋጣለት ይህ ነው።

የመጠሪያ ስም ምርጫ ከቅዱሳን ይጀምራል። ጄናሮ የኔፕልስ ነው፣ አምብሮጆ የሚላኖ፣ ሮዛሊያ የፓሌርሞ፣ አጋታ የካታኒያ። በደቡቡ ልማድ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ የአባቱን አባት፣ ሁለተኛው የእናቱን አባት ስም ይወርሳል። ስለዚህ አንድ አያት አራት ወንዶች ልጆች ካሉት፣ አንድ ስም ያላቸው አራት የልጅ ልጆች በአንድ ሰፈር ይሯሯጣሉ ማለት ነው። እነሱን መለየት የሚቻለው በቁልምጫና በቅጽል ስም ነው፤ የማፊያ ሰዎች ቅጽል ስም መብዛትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊዎች ብዙ ያበላሻሉ። ገጸ ባሕርይውን «ገዳዩ» ወይም «ምላጩ» ብለው ያስፈሩታል። እውነተኞቹ ቅጽል ስሞች ግን ከአካል፣ ከቤትና ከአጋጣሚ የወጡ ናቸው። ቪንሰንት ጂጋንቴ «ዘ ቺን» የተባለው በአገጩ አልነበረም፤ እናቱ ቪንቼንዞ የሚለውን ስም ስታቆላምጥ ከምትጠራው ድምፅ የቀረ ነው። ጁዜፔ ሞሬሎ በተኮማተረች ቀኝ እጁ ይጠራ ነበር። አንቶኒ ኮራሎ ከፍርድ እየተሽሎከሎከ በማምለጡ «ቶኒ ዳክስ» ተባለ። አንድ አስፈሪ ሰው እናቱ ባወጣችለት ስም ሲጠራ የበለጠ ሰው ይሆናል፤ ሰው ሲሆን ደግሞ የበለጠ ያስፈራል።

ከዚያ ባሕር መሻገሩ ይመጣል። በኒው ዮርኩ ኤሊስ ደሴት የኢሚግሬሽን ሠራተኛ የመጤውን ስም በስህተት ሲለውጥ የሚያሳየው የታወቀ የፊልም ትዕይንት ከታሪክ ጋር አይስማማም፤ የተሳፋሪዎቹ ስም የሚመዘገበው በመነሻው ወደብ በመርከብ ድርጅቱ ጸሐፊዎች ነበር። ስም የለወጡት ራሳቸው ባለቤቶቹ ናቸው፤ የለወጡትም በምክንያት ነው። ሲሲሊ ውስጥ ሌርካራ ፍሪዲ የተወለደው ሳልቫቶሬ ሉካኒያ ቻርሊ ሉቺያኖ ሆነ። የካላብሪያው ፍራንቼስኮ ካስቲሊያ ፍራንክ ኮስቴሎ ተባለ፤ ኮስቴሎ የአይሪሾች ስም ነው፣ በዘመኑም በኒው ዮርክ ፖለቲካ አይሪሾች ትልቅ ጉልበት ነበራቸው። ሊካታ የተወለደው ቪንቼንዞ ጂባልዲ ቦክሰኛ ሲሆን ጃክ መክጉርን የሚል የአይሪሽ ስም ያዘ፤ የአይሪሽ ስም ያለው ቦክሰኛ የተሻለ ግጥሚያ ያገኝ ነበርና። ጸሐፊዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ በ1920ዎቹ ቺካጎ ለሚኖር ጣሊያናዊ ወንበዴ ትክክለኛው ስም ጭራሽ የጣሊያን ላይሆን ይችላል።

ሥራው በተግባር ምን እንደሚመስል በአንድ ምናባዊ ሰው ላይ ማየት ይቻላል። በ1902 በደቡብ ሲሲሊ ሻካ ከተማ የተወለደ ወንድ ልጅ እንውሰድ። ከከተማዋ አጠገብ ባለው ተራራ ዋሻ ውስጥ እንደኖረ የሚነገርለት መናኝ ቅዱስ ካሎጄሮ ይባላል፤ ልጁም አያቱም በእሱ ስም ተጠርተዋል። የቤተሰብ ስሙ ቫካሮ ይሁን፤ ላም ጠባቂ ማለት ነው፣ አጨራረሱም የደቡብ ነው። እናቱ «ካሎ» ትለዋለች፤ የቪላልባው አለቃ ካሎጄሮ ቪዚኒም «ዶን ካሎ» ይባል ነበር። ኒው ዮርክ ሲደርስ «ካሎጄሮ» ለአሜሪካውያን አፍ ስለሚከብድ «ቻርሊ» ይሆናል። በፖሊስ መዝገብ ቻርልስ ቫካሮ ተብሎ ይሰፍራል። አሁን በጸሐፊው እጅ አራት ስም አለ። ፖሊሱ ቻርልስ፣ ጓደኛው ቻርሊ፣ እናቱ ካሎ ይሉታል። ከአሥር ዓመት በኋላ ከሻካ የመጣ ሰው በጨለማ መንገድ ላይ «ካሎጄሮ» ብሎ ሙሉ ስሙን ሲጠራው፣ ተጫዋቹ አንድም ማብራሪያ ሳያስፈልገው አሮጌ ዕዳ እንደመጣ ያውቃል።

ጌም ከመጽሐፍ የሚለይበትም ነገር አለ። ስሙ በጩኸት፣ በተኩስ መካከል፣ በመኪና ሞተር ላይ ይጠራል። ቶሚ፣ ፖሊ፣ ሳም፣ ፍራንክ የሚሉትን ስሞች ማንም አያምታታቸውም፤ የአራቱም መነሻ ድምፅ የተለያየ ነው። ካሎጄሮን የፈጠረ ጸሐፊ በአጠገቡ ካርሎና ካርሚኔን ባያቆም ይመረጣል።

ከድምፅና ከካርታ በላይ የሚከብድ አንድ ጉዳይ አለ። በ«ማፊያ» ሁለተኛ ክፍል ከሦስቱ የወንጀል ቤተሰቦች አንዱ ፋልኮኔ ይባላል፤ የባትማን ታሪክም ከ1987 ጀምሮ ካርማይን ፋልኮኔ የሚባል አለቃ አለው። ጭልፊት ማለት ነውና ለወንበዴ የሚስማማ ይመስላል። ጣሊያን ውስጥ ግን ይህ የዳኛው የጆቫኒ ፋልኮኔ ስም ነው። ማፊያውን በሕግ ሲታገል ኖሮ ግንቦት 23 ቀን 1992 ካፓቺ አጠገብ በመንገድ ላይ በተቀበረ ፈንጂ ከባለቤቱ ከፍራንቼስካ ሞርቪሎና ከሦስት ጠባቂዎቹ ጋር ተገደለ። የፓሌርሞ አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ በእሱና በዚያው ዓመት በተገደለው ባልደረባው በፓኦሎ ቦርሴሊኖ ስም ይጠራል። ከዚያ ቀን በኋላ ስሙን ለማፊያ አለቃ መስጠት ስህተት ነው፤ ሌላ ስም አልጠፋም።

በማፊያ የተገደሉ ንጹሐን ሰዎች ስም ከ1996 ጀምሮ በየዓመቱ መጋቢት 21 ቀን ሊቤራ የተባለው ማኅበር በሚያዘጋጀው መታሰቢያ በአደባባይ ይነበባል። ለወሮበላ ገጸ ባሕርይ ስም የምትመርጡ ጸሐፊዎች ሁሉ፣ የመረጣችሁትን ስም ከማጽደቃችሁ በፊት ያንን ዝርዝር አንብቡት።