ጣሳው ከመነቅነቁ በፊት

የእቁብ ዳኛ ሥራው ገንዘብ መሰብሰብ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ገንዘቡንማ ጸሐፊው ይሰበስባል። የዳኛው ራስ ምታት ሌላ ነው፤ ለሁሉም የሚደርሰው ብር አስቀድሞ ለማን ይድረስ?

መርካቶ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አርባ ሰው በሳምንት 5,000 ብር ቢጥል በየሳምንቱ 200,000 ብር ይወጣል። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ፤ አርባኛው ደግሞ ያለ ወለድ ሲያበድር ከረመ። ለደብተርና እስክሪብቶ ነጋዴ ነሐሴ ላይ የደረሰው ብር ጥቅምት ላይ ከሚደርሰው ጋር አንድ አይደለም። ልብስ የሚሸጠውም ከፋሲካና ከዒድ በፊት ካላገኘው ምን ያደርግለታል? ብሩ ሥራ ይሥራ ካልን ቶሎ ለሚያገላብጠው እንስጥ። ችግር ይታይ ካልን ልጇ ለታመመባት እናት። ገንዘባችን አይጥፋ ካልን ጠንካራ ዋስ ላለው። ሦስቱ አንድ ሰው ላይ የሚገጥሙት አልፎ አልፎ ነው።

እነዚህን መዝኖ ደምሮ ተራ ማውጣት ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። ተራ በችግር ይሰጥ በተባለበት ስብሰባ የሚያሸንፈው ችግሩን አሳምሮ የሚናገረው ነው። ይሉኝታ የያዛት በርበሬ ነጋዴ፣ «ኧረ ዳኛ፣ እኔስ እደርሳለሁ፣ ለሌላው ይሁን» ብላ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ የቤት ኪራይዋ ግን ሳይከፈል ሁለት ወር ሆኖታል። በዚያ ላይ ሱቁን ዘግቶ የመጣው ሁሉ የሰው ጓዳ ሲፈተሽ ያመሻል።

ስለዚህ መሠረቱ ዕጣ ነው። ወረቀቱ ከአንድ ደረሰኝ ጥራዝ ይቀደዳል፣ እኩል ታጥፎ ጣሳ ውስጥ ይጨመራል፤ ወፈር ያለውን ጣት ያውቀዋል። የሳምንቱን ያልጣለ ሰው ስሙ ጣሳው ውስጥ አይገባም። የሚያወጣው አባል ያልሆነ ሰው ነው፣ ብዙ ጊዜ ሻይ የሚያመላልሰው ልጅ።

ችግር የሚሰማው ጣሳው ከመነቅነቁ በፊት ነው። ሞት፣ ሕመም፣ እሳት የገጠመው ይናገራል፤ ካፈረም የሱቅ ጎረቤቱ ይናገርለታል፣ አባላቱ ከተስማሙ ያለ ዕጣ ይሰጠዋል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ላይ እንደደረሰው ዓይነት እሳት ሲመጣ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም፤ ጭሱን ሁሉም አይቶታል። ዕጣው ከወጣ በኋላ የሚነሳ ችግር ግን፣ እውነትም ቢሆን፣ የሚሄደው ወደ ባለ ዕጣው እንጂ ወደ ዳኛው አይደለም።

ባለ ዕጣው ካልቸኮለ ተራውን ለቸኮለው ይሸጥለታል፤ ብሩ ወደሚሠራበት እጅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሕንድ አገር ቺት ፈንድ በሚሉት ማኅበር ነገሩ ከመነሻው ጨረታ ነው፤ ብዙ ቅናሽ የተቀበለ ይወስዳል፣ ቅናሹን አባላቱ ይካፈሉታል። ቤስሊ፣ ኮት እና ላውሪ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት አባላቱ ተመሳሳይ ከሆኑ ዕጣ ከጨረታ እንደሚሻል፣ ሲለያዩ ግን ጨረታ ሊበልጥ እንደሚችል አሳይተዋል። እኛ ሁለቱን አስከትለን እንሠራባቸዋለን። የሚከነክነኝ ሻጩ ሁልጊዜ ያው አቅም ያነሰው፣ ገዢውም ያው ባለ መጋዘን መሆኑ ነው። ደግሞ ብርን በብር መሸጥ ሪባ፣ በእስልምና የተከለከለ ወለድ ነው ብለው የማይነኩት አባላት አሉ። ለእነሱ ያለ ክፍያ ተራ መለዋወጥ ይፈቀዳል።

ዋስ ላይ አልለሳለስም። ቀድሞ የበላ መጣሉን ቢያቆም የሚያሳድደው ዳኛው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላል። «ለእሱ እኔ አለሁ» ማለት ለልቅሶ ቤት ይበቃል፣ ለ200,000 ብር ግን አይበቃም።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የመጨረሻው ባለ ተራ ጉዳት አፍጥጦ መጣ። የውጭ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አርባኛው ሳምንት ላይ ያንኑ 200,000 ብር ይቀበላል፣ የሚገዛበት ካርቶን ግን ቀንሷል። ይህን ዕጣ አያስተካክለውም። ቀድሞ የወሰደ ትንሽ ጨምሮ ይጣል ሲባል፣ ያ ወለድ ነው የሚል ወዲያው ይነሳል። እኔ እቁቡን ለሁለት ከፍሎ ወደ ሃያ ሳምንት ማሳጠሩን እመርጣለሁ፤ ባለ መጋዘኖቹ ግን «በ100,000 ብር ምን ልናመጣ ነው?» እያሉ ነው።