«የአንጀት ነቀርሳ» ስለተባለው ስያሜ አጭር ሂስ

የሙያ ቃል ዋና ተግባር አንዱን ጽንሰ ሐሳብ ከሌላው ለይቶ ማሳወቅ ነው። በሕክምና ነክ ጽሑፎችና ትርጉሞች የሚያጋጥመን «የአንጀት ነቀርሳ» ግን ይህን ተግባር ይፈጽማል ለማለት አንደፍርም።

ችግሩ የሚመነጨው «ነቀርሳ» ከሚለው ቃል ነው። «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ሮበርት ኮክ በ1882 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ባክቴሪያ የሚያመጣው ተላላፊ በሽታ ነው፤ «የጡት ነቀርሳ» ሲባል ደግሞ ካንሰር ነው። በእነዚህ ስያሜዎች ልማድ ፍቹን ወስኗል። አንጀትን ግን ሁለቱም በሽታዎች ስለሚያጠቁት፣ አንባቢው የትኛው እንደተባለ የሚለይበት ምልክት የለውም።

ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። የሆድ ቁርጠት፣ ክሳትና የደም ማነስ በሁለቱም ይታያሉ። በተለይ ትንሹ አንጀት ከትልቁ በሚገናኝበት ቦታ ቲቢ የሚያስከትለው እብጠትና ጥበት ካንሰር ሊመስል ይችላል። ሐኪሙ የሚለያቸው አንጀቱን በመሣሪያ አይቶ፣ ናሙና ወስዶና በአጉሊ መነጽር አስመርምሮ ነው። አንዱ ብዙውን ጊዜ ለስድስት ወር ያህል በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል፤ ሌላው እንደ ደረጃው ቀዶ ሕክምናና ሌላ ሕክምና ይጠይቃል። ለምሳሌ ከፉሪ ተልኮ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተመረመረ ሕመምተኛ ይህን ስያሜ ሰምቶ ቢመለስ፣ ቤተሰቡ ያለ ቦታው ሊጽናና ወይም ያለ ምክንያት ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል። ሐኪሙ በብዙ ድካም የለየውን ተርጓሚው መልሶ ቀላቀለው ማለት ነው።

«ኪንታሮት»ም ከዚሁ ነቀፋ አያመልጥም። ሕዝቡ ከሰገራ ጋር የሚወጣን ደም ሁሉ በዚህ ስም ስለሚጠራ፣ የትልቁ አንጀት ካንሰር ከቃሉ ጀርባ ተሸሽጎ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የሕመምተኛ መጠይቅ የሚተረጉም ሰው «ኪንታሮት አለብዎ?» ከማለት ይልቅ «ከሰገራዎ ጋር ደም ያያሉ?» ቢል ይመረጣል።

«ካንሰር» ባዕድ ቃል ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ቃሉ በላቲን «ሸርጣን» ማለት ነው፤ ዐረብኛም በሽታውን በሸርጣን ስም ይጠራዋል። ይሁን እንጂ «ካንሰር» በአማርኛ ተለምዷል፤ ፍቹም አንድ ነው። የአገር ቃል ክብር የሚጠበቀው ግልጽነትን በመሠዋት አይደለም።

ስለዚህ «የአንጀት ካንሰር» እና «የአንጀት ቲቢ» ተለይተው እንዲጻፉ፣ «ነቀርሳ»ም በሙያ ጽሑፍ ለቲቢ ብቻ እንዲወሰን እናሳስባለን።