የአቶ ቤቨሪጅ አምሮት

ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1995 የጄን ኦስተንን “ኩራትና ጭፍን ጥላቻ” በተከታታይ ፊልም ሲያቀርብ፣ ከብዙ ተመልካች አእምሮ ያልጠፋው የኤልሳቤጥና የዳርሲ ዳንስ ነው። ሁለቱ በረዥሙ ከተሰለፉት ጥንዶች መካከል ፊት ለፊት ቆመው፣ በቃላት እየተወጋጉ ይደንሳሉ። የሚደንሱበት ዜማ “የአቶ ቤቨሪጅ ማጎት” ይባላል። ማጎት የትል ስም ነው፤ በጥንቱ አነጋገር ግን በሰው ልብ ድንገት ውል የሚል አምሮትንም ይገልጽ ነበር።

ይህ አምሮት የታተመው በ1695 ለንደን ውስጥ፣ “የዳንስ መምህር” በተሰኘው መጽሐፍ 9ኛ እትም ላይ ነው። መጽሐፉን በ1651 በ105 ዳንሶች የጀመረው አሳታሚው ጆን ፕሌይፎርድ ሲሆን፣ 9ኛውን እትም ያወጣው ልጁ ሄንሪ ነው። አቀራረቡ ቁጥብ ነው፤ አንድ መስመር ዜማ በኖታ፣ ከሥሩም የአደናነሱ መመሪያ። አጃቢ ድምፅ አልተጻፈለትም። በምን ፍጥነት እንደሚጫወቱትም መጽሐፉ አይናገርም።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ፕሌይፎርዶች ቅርስ ጠባቂዎች ሳይሆኑ ነጋዴዎች ነበሩ። በየእትሙ አዲስ ዳንስ ይጨምራሉ፣ ገበያ ያጣውን ይጥላሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመንም የለንደን አሳታሚዎች 24፣ 24 ዳንስ የያዙ መድበሎችን “የዘንድሮ” እያሉ በየዓመቱ ይሸጡ ነበር። የፕሌይፎርድን ዳንሶች ዳግም ወደ አዳራሽ የመለሳቸው ሴሲል ሻርፕ ነው፤ ከ1911 ጀምሮ ባወጣቸው ጥራዞች አሮጌዎቹን መመሪያዎች ለዘመኑ ሰው ተርጉሞ አቀረበ። የገበያው ሸቀጥ “ባህላዊ” ተብሎ የተከበረው ከዚህ በኋላ ነው።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ልብ ወለዱ የታተመው በ1813 ነውና ዜማው በዚያን ጊዜ 118 ዓመቱ ነበር። ለነገሩ የዓመት ስሌት ብቻ ቢሆን ባለፍኩት። በሦስት ምት እየተንሳፈፈ የሚሄደው ዜማ ለምልልሱ ፋታ ይሰጣል፤ ምርጫው ለጆሮ ያማረ መሆኑን አልክድም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ኤልሳቤጥ ሳቂታ፣ አፏ የማያርፍ ወጣት ናት፤ በእሷ ዘመን የዳንስ ምሽት አዲስ ፋሽን የሚታይበት ቦታ ነበር። ፊልሙ ግን የቅድመ አያቶቿን ዜማ በዝግታ አስይዞ፣ የወጣቶችን ጨዋታ የሙዚየም ሥርዓት አስመሰለው። በ1996 የወጣው “ኤማ” ፊልምም ያንኑ ዜማ ደገመው። ስሕተት ሲደጋገም ዕውቀት ይመስላልና፣ ዛሬ ለብዙዎች የጄን ኦስተን ዘመን ድምፅ ይኸው ሆኗል።

በእኔ እምነት ዜማውን እስከዛሬ ያኖረው የዚያ አንድ መስመር ኖታ ባዶነት ነው፤ እያንዳንዱ ትውልድ የራሱን ስሜት ይሞላበታል። ፊልሞቹ የሞሉበት ትካዜና ግርማ ነው። በ1695 መጽሐፉን የገዛው ሰው ግን የፈለገው የዓመቱን አዲስ ዳንስ ነበር።