ታዛዦቹ እምቢተኞች፦ መሥዋዕትነትና መታዘዝ በደቂቀ እስጢፋኖስ ታሪክ

ስለ መታዘዝ ሲሰበክ አብርሃም ይጠቀሳል፤ ስለ መሥዋዕትነት ሲሰበክ ሰማዕታት ይጠራሉ። ለእግዚአብሔር እታዘዛለሁ የሚለው ሰው የሌላውን አንገት መሥዋዕት አድርጎ ሲያቀርብ ምን እንላለን የሚለው ጥያቄ ግን ከዐውደ ምሕረት እምብዛም አይሰማም። በእኛ ታሪክ ይህ ጥያቄ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) የተነሣውን ያህል ገሃድ የወጣበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም። በአንድ ወገን ቤተ ክርስቲያንን ለማጽናት ቆርጠው የተነሡ፣ መጻሕፍት የደረሱ ንጉሥ አሉ። በሌላው ወገን አባ እስጢፋኖስና ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት ተከታዮቻቸው አሉ። ሁለቱም ወገኖች ለፈጣሪ ታዘዝን ይላሉ፤ ሁለቱም መሥዋዕት አቅርበዋል። የተለያዩት የማን ሥጋ ቀረበ በሚለው ላይ ነው።

የአጋሜው ተወላጅ አባ እስጢፋኖስ ያስተማሩት ምንኵስና ጠበቅ ያለ ነበር። መነኵሴ የእጁን ሥራ ይብላ፣ ሀብት አያካብት፣ በመጽሐፍ ለተጻፈው ሥርዓት ይገዛ፣ አበምኔቱን ይስማ። እምቢተኞች የሚል ስም የወጣላቸው እነዚህ ሰዎች በማኅበራቸው ውስጥ ሲታዩ ከብዙዎቹ የዘመናቸው መነኰሳት ይልቅ ታዛዦች ነበሩ። ጠባቸው የመጣው ከስግደት ነው። ለንጉሡ ስገዱ ሲባሉ ስግደት ለአብ፣ ለወልድ፣ ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው አሉ። ለእመቤታችንና ለመስቀል መስገድም ተጠየቀ፤ መልሳቸው አልተለወጠም። ከዚያ በኋላ «ፀረ ማርያም» የሚለው ክስ እንደ ጥላ ተከተላቸው። አባ እስጢፋኖስ ተገርፈው፣ ታስረው፣ በእስር እንዳሉ ዐረፉ። ከተከታዮቻቸውም አፍንጫቸውና ምላሳቸው የተቆረጠ፣ በድንጋይ የተወገሩ ብዙ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ምንጮቹ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። የደቂቀ እስጢፋኖስን መከራ የሚተርክልን ራሳቸው የጻፉት ገድል ነው፤ የንጉሡን ሥራ የሚተርክልን የቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል ነው። ገድል የራሱን ሰው ያከብራል፤ ዜና መዋዕል ጌታውን ያገለግላል። ዳኝነት ለመስጠት ሁለቱንም ጎን ለጎን ማንበብ ግድ ነው። ደግነቱ ዜና መዋዕሉ የንጉሡን ጭካኔ አይደብቅም፤ እንዲያውም አንዳንድ ቦታ እንደ ጽድቅ ይቆጥረዋል።

ዘርዓ ያዕቆብን ጨካኝ ብቻ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፣ ግን ስሕተት ነው። መጽሐፈ ብርሃን፣ መጽሐፈ ሚላድና ጦማረ ትስብእት በስማቸው ይታወቃሉ። በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ስለ ሰንበት የነበረውን የቆየ ክርክር ፈትተው የኤዎስጣቴዎስ ልጆች የተባሉትን መነኰሳት ከቀሩት ጋር አስታርቀዋል። አስታራቂ መሆን የሚችሉ ሰው ነበሩ ማለት ነው። ችግሩ መታዘዝን በዐይን ሊያዩት መፈለጋቸው ላይ ነው። በአዋጃቸው መሠረት ሕዝቡ በግንባሩ ላይ የሥላሴ ስለመሆኑ፣ በክንዶቹ ላይ ደግሞ ዲያብሎስንና ደስክ የተባለውን ጣዖት ስለመካዱ ጽሑፍ እንዲይዝ ታዘዘ። እምነት ከልብ ወጥቶ ቆዳ ላይ ተጻፈ፤ ማንም መኮንን በአንድ እይታ ሊመረምረው ቻለ። የገዛ ልጆቻቸውም ለደስክና ዲኖ ለተባለው ሌላ ጣዖት ሰግደዋል ተብለው ሲከሰሱ ንጉሡ በአደባባይ ክፉኛ አስገረፏቸው፤ ከግርፋቱ የሞቱም ነበሩ። ለዚህ ድርጊት መጽሐፍ መጥቀስ አይቸግራቸውም ነበር። ዘዳግም 13 ወደ ባዕድ አምልኮ የሚጠራን ወንድምም ሆነ ልጅ አትራራለት ይላልና።

ንግሥት ጽዮን ሞገሳም በሴራ ተጠርጥረው በድብደባ ሞቱ። ልጃቸው በእደ ማርያም ለእናቱ መታሰቢያ ዕጣንና ጧፍ በድብቅ ወደ ቤተ ክርስቲያን አስገባ። ንጉሡ ይህን በሰሙ ጊዜ ተቈጡ። ንጉሡ ልጆቻቸውን እንደ አብርሃም ሰጥተዋል ይል ይሆናል የሚሟገትላቸው፤ በዚህ ቤት ግን ልጅ ለእናቱ ጧፍ ማብራት እንኳ በድብቅ የሚሠራ ነገር ሆኗል።

ከሁሉ የሚከብደው የደብረ ብርሃኑ ታሪክ ነው። ደቂቀ እስጢፋኖስ በየካቲት 2 ቀን ተወገሩ። በ38ኛው ቀን፣ መጋቢት 10፣ የመስቀል በዓል ዕለት፣ በዚያው ስፍራ ላይ ከሰማይ ብርሃን ታየ። ዜና መዋዕሉ ብርሃኑን የሚያነበው እግዚአብሔር በንጉሡ ሥራ ደስ ለመሰኘቱ ማረጋገጫ አድርጎ ነው። ንጉሡም ቦታውን ወደዱት፤ ቤተ ክርስቲያን አነጹበት፣ ከሰፈር ሰፈር መዞሩን ትተው የመጨረሻዎቹን የንግሥና ዓመታት በአመዛኙ እዚያው አሳለፉ። ሰማዕታት በወደቁበት ቦታ ብርሃን መውረዱ በስንክሳር ሲነበብ ለሰማዕታቱ ምስክር ነው። እዚህ ግን ለወጋሪዎቹ ተቆጠረ። በኔ ግምት ይህ የዜና መዋዕሉ ንባብ የዘመኑን የነገረ መለኮት ጉዳት ከማንኛውም የቅጣት ዝርዝር በላይ ያሳያል። መታዘዝ በሥልጣን እጅ ሲወድቅ ተአምሩም የባለ ሥልጣኑ ይሆናል።

የክርስትና ትምህርት ስለዚህ ምን ይላል? በዘፍጥረት 22 አብርሃም ቢላዋውን አነሣ፤ ግን ይስሐቅ አልታረደም፣ በግ ተተካ። ታሪኩ ልጅን ስለ መስጠት ብቻ ከተነገረ መጨረሻው ይጠፋል። ፊልጵስዩስ 2 ደግሞ ክርስቶስ እስከ ሞት ታዛዥ እንደሆነ ሲናገር፣ የታዘዘውና የተሠዋው አንድ አካል ነው። ሠዋዒውም መሥዋዕቱም ራሱ ነው። እንግዲህ ሌላውን ሠውቶ ታዘዝኩ የሚል ሰው ከጎልጎታ ርቋል። በዚህ ሚዛን ደቂቀ እስጢፋኖስ ከንጉሡ ይልቅ ለወንጌሉ ይቀርባሉ። በናቡከደነፆር ምስል ፊት እንደ ቆሙት ሠለስቱ ደቂቅ፣ ማንንም ሳይነኩ እሳቱን ለራሳቸው መረጡ።

ይህ ማለት ግን የአባ እስጢፋኖስ ማኅበር ከትችት ነጻ ነው ማለት አይደለም። ገድሉ ቁስልን አንድ በአንድ የሚቆጥርበት መንገድ አንዳንዴ ያስጨንቃል፤ መከራው ራሱ ግብ የሆነ ይመስላል። ከዚያም በላይ፣ ለአበምኔቱ ፈቃዱን ያስረከበ ወጣት ረድእ ወደ ንጉሡ አደባባይ ሲሄድ በራሱ ውሳኔ ነው ወይስ በአባቱ? ከመነኰሳይያቱስ ልቧ የፈራ አልነበረችም? ገድሉ የጸኑትን ይነግረናል፤ የሸሹትን ሲያነሣም ለነቀፋ ነው። ራስን መሠዋት እንኳ በሌላ ሰው ትእዛዝ ሲሆን ከንጉሡ ጥያቄ ብዙ አይርቅም። አባ እስጢፋኖስን ከሉተር በፊት የተነሡ ተሐድሶ አራማጅ አድርጎ ማቅረቡም በቅርብ ጊዜ ተለምዷል። ጾምና ምንኵስና እንዲህ የከበደባቸውን ማኅበረ መነኰሳት እንደዚያ መጥራት ለክርክር ይጠቅም ይሆናል፣ ለታሪክ ግን አይጠቅምም።

ማኅበሩ አልጠፋም። የደቂቀ እስጢፋኖስ ገዳም የሆነው ጉንዳ ጉንዴ ውሎ አድሮ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጋር ታርቆ ዛሬም ገዳም ነው። ሥዕልን ናቁ ለተባሉት ሰዎች ወራሾች የሚገርመው፣ በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ብራና ላይ የታየው የጉንዳ ጉንዴ አሣሣል በውበቱ የታወቀ ነው፤ አንዱ ወንጌል ዛሬ በባልቲሞር ዋልተርስ ሙዚየም ይገኛል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ገድላቸውን «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» ብለው በ1996 ዓ.ም. በአማርኛ ካሳተሙልን ወዲህ ግእዝ አላውቅም የሚል ምክንያት አይሠራም። በነገረ መለኮት ኮሌጆቻችን ስለ መታዘዝ የሚያስተምሩ መምህራን ይህን መጽሐፍ ከዘርዓ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ጋር በአንድ የትምህርት ዘመን ያስነብቡ፤ ተማሪው የካቲት 2ንና መጋቢት 10ን በሁለቱም ወገን ዐይን አይቶ ይፍረድ።